ልብስ የሚሣልበት አካል፦ የፋሽን ሥዕል ትምህርት ዳሰሳ

የአንድ አዋቂ ሰው ቁመት በራሱ ጭንቅላት ሲለካ ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ይሆናል። በፋሽን ሥዕል መማሪያዎች የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ የምትቆመው ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ጭንቅላት ትረዝማለች፤ አንዳንዱ መጽሐፍ እስከ አሥር ያደርሳታል። በሳንቲ ሜትር ስናሰላው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከአገጯ እስከ አናቷ 22 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሴት በሰባት ተኩል ልኬት ቁመቷ 165 ሳንቲ ሜትር ነው። በዘጠኝ ስትሣል 198 ትገባለች። ይህ የ33 ሳንቲ ሜትር ጭማሪ ደግሞ በመላ አካሏ ላይ እኩል አይከፋፈልም። ደረት፣ ወገብና ዳሌ ከሞላ ጎደል በቦታቸው ይቆያሉ፤ ጭማሪው ሁሉ ለማለት ይቻላል እግር ላይ ያርፋል።

ይህ ልኬት ከየት መጣ? ለምንስ ተማሪው ሁሉ ከእሱ እንዲጀምር ይደረጋል? በየመጽሐፉ፣ በየኮሌጁና በየቪዲዮው የሚሰጡት የማስተማሪያ ዘዴዎች በዋናነት የሚለያዩት ለዚህች ረጅም ሴት በሚሰጧት ቦታ ነው። የእኔን አቋም ከወዲሁ ላስቀምጥ። የፋሽን ሥዕል መሠረቱ ጨርቅ ሰው ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ማየት ነው። ማርዘሙም ማስዋቡም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ትምህርት ዓይን የሚስብ ወረቀት ሊያስገኝ ይችላል፤ ወረቀቱን ይዞ ጨርቅ የሚቆርጠው ሰው ግን ግራ ይጋባል።

ልኬቱ የተወለደበትን ታሪክ ባጭሩ እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮማዊው የሕንፃ ባለሙያ ቪትሩቪየስ ጭንቅላት የቁመት አንድ ስምንተኛ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም በ1490 ገደማ በክብና በአራት ማዕዘን ውስጥ የቆመውን ዝነኛ ሰው ሲሥል መነሻው ይኸው የቪትሩቪየስ ልኬት ነበር። እንግዲህ ስምንት ጭንቅላት የቆየ የውበት ልኬት ነው። አሜሪካዊው የሥዕል መምህር አንድሩ ሉሚስ በ1943 ባሳተመው የሰው አካል መሣያ መጽሐፍ ውስጥ የተለያዩ ልኬቶችን ጎን ለጎን አቁሞ አሳይቷል፤ ለፋሽን የሰጠው ስምንት ተኩል ነበር። ዛሬ ተማሪ እንደ ሕግ የሚሸመድደው ዘጠኝ ወይም አሥር፣ ያኔ ገና ስምንት ተኩል ላይ ነበር ማለት ነው። ዘመን ያረዘመውን ዘመን ሊያሳጥረው እንደሚችል የሚያውቅ ተማሪ በልኬቱ ይገለገልበታል እንጂ አይገዛለትም።

ልኬቱ ብቻ ሳይሆን የሥዕሉ ሥራም ተቀይሯል። ቼዛሬ ቬቼሊዮ በ1590 ቬኒስ ላይ የብዙ አገሮችን አልባሳት የያዘ መጽሐፍ ሲያሳትም ዓላማው ማሳወቅ ነበር፤ የእገሌ አገር ሰው ምን እንደሚለብስ ለማያውቅ አንባቢ ማሳየት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪስ ይታተም የነበረው መርኩር ጋላን የተባለ መጽሔት፣ ከዚያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተበራከቱት የሴቶች መጽሔቶች፣ የልብስ ሥዕሎችን ሲያወጡ ከዋና ከተማ የራቀች ልብስ ሰፊ ሥዕሉን አይታ ለደንበኛዋ እንድትሰፋ ያግዙ ነበር። ስለዚህ አዝራሩ ይቆጠራል፣ የእጅጌው አቆራረጥ ይታያል፣ የዳንቴሉ ቦታ ይለያል። ሥዕሉ የሥራ ሰነድ ነበር።

ፈረንሳዊው ዲዛይነር ፖል ፗሬ በ1908 ፖል ኢሪብን፣ በ1911 ደግሞ ዦርዥ ለፓፕን ልብሶቹን እንዲሥሉለት ሲያደርግ ሌላ መንገድ ተከፈተ። ሁለቱም ሠዓሊዎች ዝርዝሩን ቀንሰው መስመርና ሰፊ ቀለም ላይ አተኮሩ። በ1912 የተጀመረውና እስከ 1925 የቆየው ጋዜት ዱ ቦን ቶን የተባለው መጽሔት ይህንኑ አሠራር አስፋፋው፤ ሥዕሎቹ ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ወረቀት በኩል በእጅ ቀለም እየተቀቡ ይታተሙ ነበር። ቀጥሎ ካሜራ መጣ። ቮግ መጽሔት በሐምሌ 1932 የኤድዋርድ ስታይከንን ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ሽፋኑ ላይ ካወጣ ወዲህ ልብሱን እንዳለ የማሳየት ሥራ ቀስ በቀስ ከሠዓሊ እጅ ወጣ። ለሠዓሊው የቀረው ፎቶግራፍ የማይችለው ነገር ነው፤ ስሜት፣ ፍጥነት፣ ማጋነን። ሠዓሊው ሬኔ ግሩዎ ከ1947 ጀምሮ ለዲዛይነሩ ክርስቲያን ዲዮር በሠራቸው ማስታወቂያዎች በጥቂት ወፍራም የቀለም መስመሮች አንዲት ሙሉ ሴት ያቆም ነበር። ፖርቶ ሪኮ የተወለደው አንቶኒዮ ሎፔዝ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በ1987 እስኪሞት ድረስ ከሥራ አጋሩ ከሁዋን ራሞስ ጋር ሆኖ የሕያው ሞዴሎችን ኃይል ወደ ወረቀት አመጣ፤ ጥቁሮችን፣ ላቲኖችንና እስያውያንን የፋሽን ሥዕል መሃል ላይ ያቆመም እሱ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለዛሬው ተማሪ ችግር መልስ ስለሚሰጥ ነው። ዛሬ የምንማርባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የተወለዱት ከሁለተኛው ወገን፣ ከስሜቱና ከማጋነኑ ወገን ነው። ብዙው ተማሪ ግን የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ በልቡ ያሰበውን ልብስ ለሰፊ፣ ለደንበኛ ወይም ለፋብሪካ ማሳወቅ። ግሩዎን እየገለበጠ የሥራ ሰነድ እሠራለሁ ብሎ የሚደክም ተማሪ ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ ለአንዱ ጉዳይ የተሠራውን ዘዴ ለሌላው ሰጥተውት ነው።

በሥራ ላይ የሚውሉት ሥዕሎች ሦስት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሐሳብ የሚያዝበት ፈጣን ስኬች ነው። ዲዮር ለአንድ ወቅት ሲዘጋጅ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ስኬቾችን በብዛት ይሠራ ነበር፤ የራሱን የፋሽን ቤት ከመክፈቱ በፊትም ስኬቾቹን ለልብስ ቤቶች እየሸጠ ኖሯል። ሁለተኛው ጠፍጣፋው የቴክኒክ ሥዕል ነው፤ ሰው የሌለበት፣ ልብሱ ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ከፊትና ከኋላ የሚታይበት፣ ስፌቱና ዚፑ ሳይቀር የሚሰፍርበት። ሦስተኛው ለማሳየት፣ ለመሸጥ ወይም ለማስታወስ የሚሠራው ሙሉ ሥዕል ነው። ዘጠኝ ጭንቅላት የምትረዝመው ሴት ቤቷ ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ላይ ብትገባ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ላይ ልኬቷ ከገባ ግን ስህተት ትወልዳለች። ከወገብ እስከ ጉልበት የምትደርስ ጉርድ ቀሚስ በዚህች ሴት ላይ ከተፈጥሮው በግምት ሩብ ያህል ረዝማ ትታያለች፤ በሥዕሉ ምጥጥን የቆረጠ ሰፊ ከጉልበት በታች የምትወርድ ቀሚስ ያወጣል።

አካሉን ለመማር ከሚሰጡት መንገዶች መካከል በጣም የተለመደው በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ መሥራት ነው። ተማሪው አንድ የቆመ አካል ይሰጠዋል ወይም ከመጽሐፍ ይገለብጣል፤ ስስ ወረቀት ከላይ አድርጎ ልብስ ያለብሰዋል። ፈጣን ነው፣ ፈሪን ያደፋፍራል፣ ቀነ ገደብ ያለበት ባለሙያም ይጠቀምበታል። ችግሩ ተማሪው ከዚያ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ሁሉም ልብስ በአንድ ዳሌና በአንድ እግር ላይ ሲንጠለጠል ልብሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። በተለይ ልብሱ አካሉን ሲቀይረው፣ ለምሳሌ ከባድ ካፖርት የለበሰች ሴት ትከሻዋ ሲጫን ወይም ጠባብ ቀሚስ እርምጃዋን ሲያሳጥረው፣ የተዘጋጀው ቅርጽ ያንን አያውቅም።

ሁለተኛው መንገድ አካልን ከቀላል ቅርጾች መገንባት ነው፤ ደረትን እንደ ሳጥን፣ ዳሌን እንደ ሌላ ሳጥን፣ እጅና እግርን እንደ ሲሊንደር። ሉሚስም፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው አርት ስቱደንትስ ሊግ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ጆርጅ ብሪጅማንም የሄዱበት መንገድ ነው። ለልብስ ሠዓሊ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ልብስ ራሱ የሲሊንደሮች ስብስብ ነው። እጅጌ ክንድን ይዞራል፣ ኮሌታ አንገትን ይዞራል፣ መቀነት ወገብን ይዞራል። ክንዱ ሲሊንደር መሆኑ የገባው ተማሪ የእጅጌውን ጫፍ ቀጥ ባለ መስመር አይዘጋም፤ ያጎብጠዋል።

ሦስተኛው ደግሞ ፈጣን የእንቅስቃሴ ሥዕል ነው። የሥዕል መምህሩ ኪመን ኒኮላይዲስ ከሞተ በኋላ በ1941 የታተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ ይህን ዘዴ በስፋት አስተዋውቋል፤ ሞዴሉ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይቆማል፣ ተማሪው ዳር ዳሩን ሳይሆን ሰውነቱ የሚያደርገውን ነገር ለመያዝ እጁን ያሯሩጣል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የተጠላለፈ ክር ይመስላል። ጀማሪዎች የሚሸሹትም ለዚህ ነው፤ ለማንም የሚያሳዩት ነገር አያገኙበትም። እኔ ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ ቡና የምታፈላ ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆመ ምእመን፣ ሁሉም ነፃ ሞዴል ነው። ወረቀቱ ላይ ፊታቸው ስለማይለይ ሥዕሉ የማንንም ክብር አይነካም።

በሦስቱም መንገዶች ላይ አንድ የጋራ ነገር አለ፤ የሚዛን መስመር። የሰው አካል በአንድ እግሩ ላይ ክብደቱን ሲጥል፣ ክብደቱን የተሸከመው ወገን ዳሌ ወደ ላይ ይነሣል፣ በዚያው ወገን ያለው ትከሻ ደግሞ ዝቅ ይላል። የጥንት ግሪክ ቀራፂዎች ይህን አቋቋም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን አውቀውት ነበር። ሠዓሊው ከአንገት ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ተነሥቶ ቀጥ ያለ መስመር ወደ መሬት ያወርዳል፤ መስመሩ ክብደት የተሸከመው እግር አጠገብ ማረፍ አለበት። ካላረፈ የተሣለችው ሴት ትወድቃለች። ጀማሪዎች ሥዕላቸው አንዳች ነገር እንደጎደለው ይሰማቸውና ፊቱን ደጋግመው ያሳምራሉ፤ ጉድለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እግር ሥር ነው። ፊት፣ እጅና ጫማ የየራሳቸው ትምህርት ቢኖራቸውም በፋሽን ሥዕል ውስጥ በጥቂት መስመር ሊታለፉ ይችላሉ። ሚዛን ሊታለፍ አይችልም።

ወደ ልብሱ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ የበለጸገ ይሆናል። ብሪጅማን የጨርቅ እጥፋትን በሰባት ዓይነት ከፍሎ አስተምሯል። ከወገብ ወደ ታች እንደ ቱቦ የሚወርደው፣ ከጉልበት ጀርባ ዚግዛግ የሚሠራው፣ ክንድ ላይ የሚጠመዘዘው፣ ክርን ሲታጠፍ አቅጣጫውን በድንገት ቀይሮ የሚቆለፈው፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ረገብ ብሎ የሚንጠለጠለው፣ ከአንድ ነጥብ ብቻ ተይዞ የሚፈስሰውና መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚያርፈው። ተማሪ ይህን ዝርዝር በቃሉ ቢይዘው ክፋት የለውም፤ ሆኖም ከሰባቱም በስተጀርባ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጨርቁ የተያዘው የት ላይ ነው? ጨርቅ የሚወድቀው ከተያዘበት ነው። የተያዘበትን ነጥብ፣ ትከሻን፣ የጡት ጫፍን፣ ክርንን፣ ዳሌን፣ ካወቁ እጥፋቱ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ካላወቁ መስመር ይበዛል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ተማሪ ሌላው የማያገኘው መምህር በቤቱ አለው፤ ነጠላ። ነጠላ አልተቆረጠም፣ አልተሰፋበትም፤ ቅርጹን የሚያገኘው ከለባሹ ብቻ ነው። በሁለቱም ትከሻ ላይ ሲጣል ደረት ላይ ረግቦ ይንጠለጠላል። አንዱ ጫፍ ወደ ትከሻ ሲወረወር ጠመዝማዛ እጥፋት ይወለዳል። ወገብ ላይ ሲታጠቁት የላይኛው ይጠብቅና የታችኛው በቱቦ መልክ ይወርዳል። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ሲያጣፉት የሚታየው ሌላ ነው፤ በሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ሲወጣም ሌላ። ስለዚህ በነጠላ ላይ እጥፋት ትርጉም ይሸከማል፤ ጥለቱን ያለቦታው ያሳረፈ ሠዓሊ ሳያስበው ለሠርግ የሄደችውን ሴት ለቀስተኛ ያደርጋታል። ጋቢ ደግሞ ድርብርብና ከባድ ስለሆነ እጥፋቱ ትልልቅና ጥቂት ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሣለ ተማሪ ስለ ጨርቅ ክብደት ማንም መጽሐፍ የማያስረዳውን ያህል ይረዳል።

የሐበሻ ቀሚስ ጥበብም እንዲሁ ያስተምራል። ከታች ጫፉ ላይ የሚዞረው ጥበብ ከሸማው የበዛ ክር ስለገባበት ከበድ ይላል፤ ጫፉን ወደ ታች ይስበዋል፣ እጥፋቱንም ሰፋ ሰፋ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ ግን ጥበቡ ቀሚሱ የት እንደሚገባና የት እንደሚወጣ የሚናገር መስመር ነው። እጥፋቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ጥለቱ ይሰበራል፣ ይደበቃል፤ ሲወጣ ይጎብጣል፣ ይሰፋል። ብዙ ተማሪዎች መጀመሪያ ቀሚሱን ያጣጥፉና ጥበቡን ቀጥ አድርገው በላዩ ላይ ይለጥፉታል። ያኔ ቀሚሱ ካርቶን ይሆናል። ለባለ አራት ማዕዘን ሱፍና ለባለ ጭረት ሸሚዝም ሕጉ ይኸው ነው፤ ማንኛውም ጌጥ የጨርቁን መሬት ተከትሎ መጓዝ አለበት። ፊት ለፊት ከደረት እስከ እግር የሚወርደው ጥልፍ ደግሞ የአካሉን መሃል መስመር ያሳያል፤ ሴትዮዋ ዘወር ስትል ጥልፉም ዘወር ይላል፣ ደረት ላይ ይወጣል፣ ወገብ ላይ ይገባል።

አንድ የተለየ ችግር አለ፤ ነጭ ጨርቅ በነጭ ወረቀት ላይ። ሸማ ለሚሥል ሰው ይህ የየዕለት ፈተና ነው፤ ብዙዎቹ የውጭ መማሪያዎች ግን በአንድ ገጽ ያልፉታል። ከሚሠሩት መፍትሔዎች አንዱ ወረቀቱን ራሱን ነጭ ጨርቅ ማድረግ ነው፤ ቆዳውን፣ ፀጉሩንና ከኋላ ያለውን ቦታ በቀለም ሞልቶ ሸማውን ባዶ መተው፣ ለጥላው ብቻ ቀጭን ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቢጫማ ቡኒ መጠቀም። ሌላው ቡኒ ወይም ግራጫ ወረቀት ላይ ጉዋሽ በሚባለው ብርሃን በማያሳልፍ የውሃ ቀለም በነጭ መሥራት ነው፤ በዚህ ጊዜ ብርሃኑ ይቀባል፣ ጥላው የወረቀቱ ቀለም ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ለጀማሪ እመክራለሁ። የሸማውን ስስነት፣ ከሥሩ ያለው ክንድ በጨርቁ ውስጥ ሲታይ፣ ነጩን በውሃ እያቀጠኑ ለማሳየት ይመቻል።

ከዚሁ ጋር የቆዳ ቀለም ጉዳይ ይመጣል። የብዙ መጻሕፍት የቀለም ትምህርት የተሠራው ለነጭ ቆዳ ነው፤ ለእኛ ሲሉ ቡኒ ማርከር አንድ ጊዜ ቀብተው ጥላውን በጥቁር ያሰምሩበታል። ውጤቱ የሞተ ፊት ነው። ጠይም ቆዳ ውስጡ ቀይና ብርቱካናማ አለው፤ ጥላው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፤ ግንባርና ጉንጭ ላይ ያለው ብርሃን ደግሞ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ነጭ ሸማ ከጠይም ቆዳ አጠገብ ሲያርፍ የሚፈጠረው ንጽጽር በፋሽን ሥዕል ውስጥ ካሉት ውብ ነገሮች አንዱ ነው። ሹሩባም እንዲሁ፤ እያንዳንዱን ጉንጉን መቁጠር ሳይሆን ጉንጉኖቹ የራስ ቅሉን ዞረው የሚሄዱበትን አቅጣጫ መያዝ ይበቃል።

ሌሎቹ ጨርቆች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሳቲን ብርሃኑና ጥላው ተፋጥጠው ይቆማሉ፤ መሃከለኛው ቀለም ጥቂት ነው። ከፋይ ተቃራኒው ነው፤ ጨለም ብሎ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ ይበራል። ሺፎን በተደራረበ ቀጭን ቀለም ይሠራል። ጂንስ በስፌቱ ይታወቃል፤ ወፍራሙን ክር በሁለት ረድፍ ነጠብጣብ ካላሳዩት ሰማያዊ ሱሪ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ላይ የአገራችን የሥዕል ታሪክ ምን ይጨምራል? ከሚታሰበው በላይ ይጨምራል። በቀደመው የጎንደር ሥዕል ዘመን ሠዓሊዎቻችን የልብስን እጥፋት ጎን ለጎን በሚሄዱ መስመሮችና በደማቅ ቀለም ያሳዩ ነበር። በኋለኛው የጎንደር ዘመን ደግሞ ቀለሙን ከብርሃን ወደ ጨለማ እያሻገሩ ልብሱ ሙላት እንዲኖረው አደረጉ፤ የለባሹን ጌጥና የጨርቁን አበባ ሳይቀር በጥንቃቄ ሣሉ። ጣና ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው ናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩት የእቴጌ ምንትዋብ ሥዕል ለልብስ ታሪክ ተመራማሪ ሰነድ፣ ለፋሽን ሠዓሊ ደግሞ ትምህርት ነው። በመስመር ብቻ እጥፋትን የማሳየት ጥበብ ለኢሪብና ለለፓፕ አዲስ ግኝት በነበረበት ጊዜ እኛ ዘንድ የዘመናት ልማድ ነበር። ተማሪዎቻችን ሁለቱንም መንገድ፣ የመስመሩንም የጥላውንም፣ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እየገለበጡ ቢለማመዱ ከየትኛውም የውጭ መጽሐፍ የማያገኙት የራሳቸው እጅ ይኖራቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሳይሥሉስ ዲዛይነር መሆን አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። ኮኮ ሻኔል የምትሠራው በወረቀት ሳይሆን በሞዴሎቿ ሰውነት ላይ ጨርቅ እየሰካች ነበር። ማድሌን ቪዮኔ በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ጨርቅ እየጠመጠመች በሰያፍ የተቆረጡ ቀሚሶቿን ፈጠረች። አዜዲን አላያም በአካል ላይ እየቆረጠና እየሰፋ የሚሠራ ጌታ ነበር። ሦስቱም ግን ለመሣል ከሚያስፈልገው ክህሎት ትልቁን፣ ጨርቅ በአካል ላይ የሚሆነውን ማየትን፣ በእጃቸው ተምረውታል። ሥዕል ያንን ዕውቀት የሚያገኙበት ርካሹ መንገድ ነው። ሜትር በሜትር ሐር እያበላሹ መማር የማይችል ሰው በእርሳስና በወረቀት ይማራል።

ሥዕል ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። ሽሮ ሜዳም ሆነ ሌላ ቦታ ልብስ የሚያሰፋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል፤ ‹‹እንደዚህ፣ ግን እጅጌው እንደዚያ›› ይላል። ሰፊው በራሱ ይገምታል፤ ደንበኛው በራሱ ይጠብቃል፤ ልብሱ ሲያልቅ ጭቅጭቅ ይመጣል። ከፊትና ከኋላ የተሣለች አንዲት ጠፍጣፋ ሥዕል፣ ልኬቱ በቁጥር ተጽፎባት፣ ይህን ጭቅጭቅ በአብዛኛው ትከላከላለች። በውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ የሠርግ ልብሱን ከአዲስ አበባ ሲያዝ ደግሞ ሥዕሉ የግድ ይሆናል፤ ለመለካት የሚመላለስበት መንገድ የለውማ። ሐዋሳን በመሰሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ያሉ የልብስ ፋብሪካዎችም የሚሠሩት በእንዲህ ዓይነት የቴክኒክ ሥዕል ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ የሚማሩ ተማሪዎች ከውቧ ረጅም ሴት ይልቅ በዚህች ደረቅ በምትመስል ሥዕል እንጀራ የማግኘት ዕድላቸው ይሰፋል።

መሣሪያን በተመለከተ ብዙ አልልም። እርሳስ፣ ላጲስ፣ የውሃ ቀለምና ከባድ ወረቀት ለብዙ ዓመት ይበቃሉ። የጃፓኑ ኮፒክ ማርከር ምቹ ነው፤ ውድም ነው። ታብሌት ላይ መሣል ለሚደጋገም ሥራ፣ በተለይ ግራና ቀኙ እኩል መሆን ላለበት ጠፍጣፋ ሥዕል፣ ጊዜ ይቆጥባል። ሆኖም የመጀመሪያውን ዓመት በወረቀት ቢያሳልፉት ይሻላል፤ ታብሌቱ የተሳሳተውን መስመር ወዲያው ስለሚያጠፋው ተማሪው ስህተቱን ተመልሶ የሚያይበት ገጽ አይኖረውም። በጽሑፍ ትእዛዝ ሥዕል ስለሚሠሩት አዳዲስ ፕሮግራሞች የሚጠይቁኝም አሉ። የሚያወጡት ምስል ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቀሚሱ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ስፌቱ የት እንደሚያልፍ፣ ገበሩ የት እንደሚያበቃ ብዙ ጊዜ አይወስንም። ዲዛይን ማለት ደግሞ ያ ውሳኔ ነው።

ለመማር የተነሣ ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ አይከስርም፤ በመጀመሪያ ሰውን በተፈጥሮ ልኬቱ፣ በሰባት ተኩል ጭንቅላት፣ በፈጣን ስኬች ይሣል። ቀጥሎ ወንበር ላይ የተጣለ ጋቢንና ሰው ላይ ያረፈ ነጠላን ከዓይኑ እያየ ይሣል። ከዚያ የራሱን ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከፊትና ከኋላ፣ ስፌት በስፌት፣ ጠፍጣፋ ሥዕል ያውጣለት። ዘጠኝ ጭንቅላት የምትረዝመው ሴት የመጨረሻዋ ትሁን፤ ያኔ ለምን እንደሚያረዝማት ያውቃል።

ለዲዛይን ትምህርት ቤቶቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁ ከውጭ በተገለበጠ ቅርጽ ላይ ከመሥራታቸው በፊት የዶርዜን፣ የመንዝን፣ የራያን፣ የሐረርን፣ የቦረናን አለባበስ ከለባሾቹ ዘንድ ሄደው እንዲሥሉ አድርጉ፤ ሥዕሎቹንም ከነቦታቸውና ከነቀናቸው በቤተ መጻሕፍታችሁ አስቀምጡ። ቬቼሊዮ ለዘመኑ የሠራውን ለእኛ አልባሳት ለመሥራት ከእናንተ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ የለም።